ውሃው ከየት መጣ?

ስለ ጭቃ ግድግዳና ስለ እንጨት ደረጃ ጥገና በመካነ ሰላም የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ገብቷል። በዚህ ሰሞን በመካነ ሰላም መንደሮችም ሆነ በቦረና፣ በሳይንት፣ በለጋምቦና በመቅደላ ገጠሮች ብትዞሩ የምታዩት አንድ ነው፤ የግድግዳው እግር ታጥቦ ማገሩ አፍጥጧል፣ ከመስኮቱ ማዕዘን ሰያፍ ስንጥቅ ወርዷል፣ የበረንዳው ደረጃ ሲረግጡት ይወዛወዛል። ባለቤቱ ያያል። «እጄ ላይ ገንዘብ ሲገባ ግንበኛ እጠራለሁ» ይላል። ገንዘቡ ሳይገባ በልግ ይደርሳል፤ በልጉ አለፈ ሲባል ሌላ ክረምት ይተካል። በሁለት ቀን ጉልበትና በአንድ ሸክም ጭድ ይድን የነበረ ግድግዳ በሦስተኛው ዓመት ከነቋሚው ያጋድላል።

ዛሬ እዚህ የቆምኩት አብዛኛውን የዚህ ዓይነት ጥገና በገዛ እጃችን ልንሠራው እንደምንችል ለመናገር ነው። ነገር ግን ጭቃ ከማቡካታችን በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ አለብን፤ ውሃው ከየት መጣ? ይህን ሳይጠይቅ ግድግዳ የሚለስን ሰው ቁስሉን ሳያጥብ ጨርቅ እንደሚጠመጥም ሰው ነው። ልስኑ ለበዓል ያምራል፤ በሚቀጥለው ሐምሌ ያው ቦታ እንደገና ይረግፋል።

አስቀድሜ ግን ስለ እጅ ሥራ ጥቂት ልበል። በአገራችን ጭቃ የነካ፣ እንጨት የጠረበ፣ ብረት የቀጠቀጠ ሰው ብዙ ዘመን ሲናቅ ኖሯል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ ሥር ሰድዶ ስለነበረ ነው። ከእርሳቸው በፊትም፣ እዚሁ በእኛ አገር፣ ሌላ ምሳሌ ነበረን። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ የተሠራውን፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖል መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት መንገዱን በሰው እጅ እያስጠረጉ ነበር። ጉዞው ከ1860 ዓ.ም. ጥቅምት እስከ መጋቢት ድረስ ፈጀ። ድንጋይ የሚያነሣው ሠራዊቱ ብቻ አልነበረም፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ጎንበስ ብለው ከሠራተኛው ጋር ይሠሩ እንደነበር በዓይናቸው ያዩት የውጭ አገር ሰዎች ጽፈውታል። መድፉ ዛሬም አምባው ላይ አለ። ንጉሥ ድንጋይ ባነሣበት አገር ጭቃ መርገጥ የሚያሳፍረን ለምንድን ነው?

የሙያው ባለቤቶች ደግሞ እዚሁ ከፊታችን ተቀምጠዋል። በወሎ የእስላሙም የክርስቲያኑም እናት ለዒድ ወይም ለመስቀል ወለሏን በእበት ትለቀልቃለች፣ ግድግዳዋን ትለስናለች። የትኛው አፈር እንደሚይዝ፣ ጭቃው መቼ እንደበሰለ፣ እበቱ ምን ያህል እንደሚበቃ እጇ ያውቀዋል። እኔ ከእናቴ ያየሁትን በኋላ በሙያ ትምህርት ቤት ስማር ያገኘሁት ስሙ ተቀይሮ ነው እንጂ ነገሩ ያው ነበር። ስለዚህ ከምናገረው ውስጥ ብዙው ለእናንተ አዲስ አይሆንም። አዲስ የሚሆነው ምናልባት ምክንያቱ ነው፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ደግሞ ያልለመደው ችግር ሲገጥመው አይደናገርም።

ወደ ውሃው እንመለስ። የእኛ ደጋ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘንብበታል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ በልጉ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምቱ። ግድግዳችንም በዓመት ሁለት ጊዜ ይርሳል፣ ሁለት ጊዜ ይደርቃል። ጭቃ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በዚህ መመላለስ ውስጥ ነው የሚደክመው። ውሃ ወደ ግድግዳ የሚመጣባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው ማለት ይቻላል። አንደኛው ከላይ ነው። ቆርቆሮው የተበሳበት፣ ምስማሩ የላላበት፣ ወይም ሣሩ የሳሳበት ቦታ ይኖራል። ውሃው በውስጥ በኩል በቋሚው ላይ ተንሸራትቶ ይወርድና እናንተ ስታዩት ከታች ነው። ስለዚህ የረጠበ ግድግዳ ስታዩ መጀመሪያ ቀና ብላችሁ ጣራውን ተመልከቱ።

ሁለተኛው ከጎን የሚመጣው ነው፤ በመካነ ሰላም ከተማ ግድግዳ የሚበላው በአብዛኛው እርሱ ይመስለኛል። ቆርቆሮ ጣራ ከሣር ጣራ ይልቅ ውሃውን ሰብስቦ በኃይል ይጥለዋል። አሸንዳ ከሌለው ውሃው መሬት ላይ ወድቆ ይፈናጠራል፤ ጭቃ ይዞ እስከ ጉልበት ቁመት ግድግዳውን ይመታል። ቤታችሁን ዞር ብላችሁ እዩ። የታጠበው መስመር ከመሬት እስከ ጉልበት ከሆነ በሽታው ይኸው ነው። መድኃኒቱም ልስን አይደለም። የጣራውን ጠርዝ ቢያንስ አንድ ክንድ ከግድግዳው ማስወጣት፣ ቢቻል አሸንዳ ማሰር፣ ካልተቻለም ጠብታው በሚወድቅበት መስመር ላይ ጠጠር ማፍሰስ ነው። ውሃ ጠጠር ላይ ሲወድቅ ይሰበራል እንጂ አይፈናጠርም። የጠጠሩ ዋጋ የአንድ ከሰዓት ጉልበት ብቻ ነው።

ሦስተኛው ከታች ነው። ኩራዝ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ክሩ ከታች የተነከረበትን ጋዝ ወደ ላይ እንደሚስበው ሁሉ ጭቃም መሬት ውስጥ ያለውን እርጥበት ይስባል። ምልክቱ ግድግዳው ላይ ከታች ተነሥቶ ወገብ አካባቢ የሚቆም እርጥብ መስመር ነው፤ ሲደርቅ ነጭ አመድ የመሰለ ዱቄት ይተዋል። ይህ የሚሆነው የውጭው መሬት ከቤቱ ወለል ከፍ ሲል፣ ወይም የመንገድ ሥራ አፈር ከግድግዳው ሥር ሲከምር፣ ወይም የጓሮው ቦይ ሲደፈን ነው። አፈሩን መጥረግ፣ ከግድግዳው ዙሪያ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ቦይ መቆፈር፣ ቦዩንም ወደ ዝቅተኛው ቦታ ማውጣት ይበቃል። ቦዩን ግን ወደ ጎረቤት ግድግዳ አታውጡት፤ ስንት ሙግት ከዚህ ተነሥቷል።

የእንጨት ቋሚ የሚበሰብስበትን ቦታም ልብ በሉ። ጫፉ አይበሰብስም፣ ደረቅ ነው። ጥልቅ አፈር ውስጥ ያለውም ቶሎ አይበሰብስም፣ አየር የለውም። የሚበላው አፈርና አየር የሚገናኙበት፣ ከመሬት በላይና በታች አንድ ስንዝር ያህል ያለው ቦታ ነው። የሻጋታ ዘር ውሃም አየርም የሚያገኘው እዚያ ብቻ ነው። ቤታችሁ ዕድሜ እንዲኖረው የምትፈልጉ ከሆነ በዓመት አንድ ቀን ይህን አንድ ስንዝር በቢላ ጫፍ እየወጋችሁ ፈትሹት። ቢላው ቅቤ ውስጥ እንደሚገባ ሆኖ ከገባ ጊዜ የለም።

እንግዲህ የውሃው መምጫ ተገኘ፣ ተዘጋም እንበል። አሁን ጭቃውን እንሥራ። ይህን ቀስ ብዬ ልናገረው፣ ምክንያቱም ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ግድግዳውን በጣታችሁ አጥንት አንኳኩት። ጤናማው «ድም» ይላል፤ ከማገሩ የተላቀቀው ባዶ ጣሳ እንደመምታት ይሰማል። ባዶ የሚሰማውን ሁሉ፣ ላዩ ያልተሰነጠቀ ቢሆንም እንኳ፣ አውርዱት። እጅ ሊሳሳ አይገባም፤ የተላቀቀ ጭቃ ላይ የተለሰነ አዲስ ጭቃ ሁለቱም አብረው ይወርዳሉ። ጠንካራው ጭቃ ወይም ማገሩ ላይ እስክትደርሱ ፍቃችሁ ጠርዙን ሸካራ አድርጉት። የላላ ማገር ካለ በምስማር አጥብቁት፣ የበሰበሰውን ለውጡት። ከዚያ አቧራውን በመጥረጊያ ጥረጉ።

አፈሩ የት ይገኛል? ከእርሻ ላይ የሚነሣውን ጥቁር ለም አፈር አትውሰዱ፤ ሥርና ቅጠል ስላለበት ይበሰብሳል። ዋልካውንም ተዉት። ዋልካ ሲርስ በጣም ያብጣል፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ እርሻችሁ ላይ በጥር ያያችሁት ስንጥቅ ግድግዳችሁ ላይ ይመጣል። የሚፈለገው ቀዩ አፈር ነው፣ ላዩን አንድ ክንድ ያህል ገፍፎ ከሥር የሚወጣው። መጠኑን ለማወቅ ቀላል መፈተኛ አለ። አፈሩን በትንሽ ውሃ አሽታችሁ እንደ አውራ ጣት ውፍረት ያለው ረጅም ድብልብል አድርጉት፤ ጠረጴዛ ወይም ሳንቃ ላይ አስቀምጣችሁ ቀስ እያላችሁ ከጠርዙ አልፎ እንዲንጠለጠል ግፉት። ወዲያው፣ ከሦስት ጣት ባነሰ ርዝመት ከተቆረጠ አሸዋ በዝቶበታል፣ አይይዝም። ስንዝር አልፎ ካልተቆረጠ ሸክላ በዝቶበታል፣ ይሰነጠቃል፤ አሸዋ ጨምሩበት። በሁለቱ መካከል ከተቆረጠ ጥሩ ነው። ይህን መፈተኛ በመላው ዓለም የአፈር ቤት የሚሠሩ ባለሙያዎች ይጠቀሙበታል፤ ምንም መሣሪያ አያስፈልገውም።

ጭዱ የጤፍ ቢሆን ይመረጣል፤ ለስላሳና ቀጭን ስለሆነ ጭቃውን እንደ ክር ያስረዋል። የገብስና የስንዴም ይሆናል፣ አጠር ተደርጎ ይከተከት። ጭቃው ከጭዱ ጋር ተቦክቶ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይክረም፤ በየቀኑ ውሃ እየተጨመረበት በእግር ይረገጥ። አያቶቻችን ጭቃ ካልከረመ ግድግዳ አይነኩም ነበር። ለምን? ጭዱ እየላመ ሲሄድ ሙጫ የመሰለ ነገር ያወጣል፤ የሸክላው ቅንጣትም ውሃውን እስከ ውስጡ ይጠጣና ጭቃው የሚለጠጥ ይሆናል። ሲሸት ደስ አይልም፤ መብሰሉ ግን በዚያ ይታወቃል።

አሁን ግድግዳውን አርጥቡት። በልስን ሥራ ውስጥ ሰው ከሁሉ በላይ የሚዘለው ይህን ነው። ደረቅ ግድግዳ ላይ እርጥብ ጭቃ ብትለጥፉ አሮጌው ግድግዳ ከአዲሱ ውሃውን በአንድ ጊዜ ይመጠዋል፤ አዲሱ ጭቃ ሳይይዝ ይደርቅና ጠርዙ ተላጦ ይወጣል። ውሃ በመጥረጊያ ርጩ፣ ይጠጣው፤ ደግሞ ርጩ። ላዩ ለደቂቃ እርጥብ ሆኖ መቆየት ሲጀምር ይበቃዋል። ቀጥሎ እንደ አጥሚት የቀጠነ ጭቃ በእጅ እያሻችሁ ቀቡት። ከዚያ ምርጉን በኃይል ወርውሩ፤ ተወርውሮ የተመታ ጭቃ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፣ ተለጥፎ የተዳበሰ ግን ላይ ላዩን ይቀራል። በአንድ ጊዜ ከሁለት ጣት ውፍረት አትለፉ። ጉድጓዱ ጥልቅ ከሆነ በሁለት ወይም በሦስት ዙር ሙሉት፣ የመጀመሪያውን ገና ለስላሳ ሳለ በእንጨት ጫፍ ጭረት ጭረት አድርጉበት፣ ቀጣዩ የሚይዝበት እንዲያገኝ። የመጨረሻው ልስን በወንፊት ከተነፋ አፈር፣ ከደቀቀ ጭድና ከትኩስ እበት የሚሠራ ነው። እበቱ የላም ሆድ የፈጨው ደቃቅ ሣር አለው፤ ውሃ ቶሎ እንዳይገባም ይከላከላል።

ለደጋውና ለውርጩ ነዋሪዎች አንድ ተጨማሪ ቃል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። እርጥብ ጭቃ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ከሆነ ሲያብጥ ጭቃውን ያፈርሰዋል፣ ጠዋት እንደ ቆሎ ይረግፋል። ስለዚህ ጥቅምት ላይ ጨርሱ። ካልሆነም በጠዋት ጀምራችሁ በቀትር አቁሙ፣ ማታ በጆንያና በገለባ ሸፍኑት።

ስለ ስሚንቶ ደግሞ በግልጽ እናገራለሁ፤ ብዙ ሰው ብር እየከሰረበት ነው። «ጭቃው አስቸገረኝ፣ በስሚንቶ ልሸፍነው» የሚል ሐሳብ ትክክል ይመስላል፣ ነገር ግን ቤቱን ይጎዳዋል። ስሚንቶ ጠንካራና የማይተነፍስ ነው፤ ጭቃ ደግሞ ለስላሳና የሚተነፍስ። ጭቃው ሲያብጥና ሲኮማተር ስሚንቶው አብሮት አይንቀሳቀስም፤ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ መውጫ ግን አያገኝም። በውጭ ግድግዳው የተዋበ ይመስላል፣ በውስጥ ቋሚው ይበሰብሳል፤ አንድ ቀን ስሚንቶው እንደ ሳንቃ ሆኖ ሙሉው ይወርዳል። ፕላስቲክ ቀለምም እንዲሁ ነው፣ እርጥበቱን ያፍነዋል። ጭቃን የሚጠግነው ጭቃ ነው። ግድግዳው ነጭ እንዲሆን የሚፈልግ ኖራ ይቀባ። ኖራ ይተነፍሳል፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የጎንደር ቤተ መንግሥቶች የተገነቡት በኖራ ነው፣ እስከ ዛሬም ቆመዋል። ስትቀቡ ግን ዓይናችሁን ጠብቁ፣ እጃችሁን በጨርቅ ወይም በጓንት ሸፍኑ፤ ኖራ ያቃጥላል። ስሚንቶ ለብሎኬት ቤትና ለድንጋይ መሠረት ይሁን። እዚያም ላይ ቢሆን አንድ እጅ ስሚንቶ ለሦስት ወይም ለአራት እጅ የታጠበ አሸዋ፣ ከዚያ ሰባት ቀን ሳያቋርጡ ውሃ ማጠጣት ነው። ውሃ ያልጠጣ ስሚንቶ አቧራ ነው።

ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም። እንደ ሸረሪት ድር ላይ ላዩን የተበተነ ከሆነ ልስኑ ቶሎ ስለደረቀ ነው፣ አያስፈራም። ከመስኮት ወይም ከበር ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወርድ፣ ከታች ወይም ከላይ እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ ግን መሠረቱ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። ዋልካ ላይ በተሠራ ቤት ይህ የተለመደ ነው፤ መሬቱ በክረምት ቤቱን ያነሣዋል፣ በበጋ ያወርደዋል። ባሕር ዛፍ ከግድግዳ አጠገብ ከተተከለ ደግሞ ውሃውን በአንድ ወገን እየመጠጠ ነገሩን ያባብሰዋል። ስንጥቁ እየሄደ መሆኑን ወይም መቆሙን ለማወቅ በላዩ ላይ የወረቀት ቁራጭ በሙጫ ለጥፉ፣ ወይም ስስ ጄሶ ቀቡበት፣ ቀኑን በእርሳስ ጻፉ። ከአንድ ክረምትና ከአንድ በጋ በኋላ ወረቀቱ ካልተቀደደ ወይም ጄሶው ካልተሰነጠቀ ስንጥቁን ድፈኑት። ከተቀደደ ወይም ከተሰነጠቀ ግን መድፈን ከንቱ ድካም ነው፤ ውሃውን አርቁ፣ ዛፉን ቁረጡ፣ መሠረቱንም ባለሙያ ይየው። የመሬት መንቀጥቀጥም በአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት የካራቆሬ መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷል፤ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሣው ደግሞ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ከእንዲህ ያለ ነገር በኋላ ቤታችሁን ሳትፈትሹ አትተኙበት።

በድንጋይና በጭቃ ለተገነባው ቤት የሚያሰጋው ሆድ ማውጣቱ ነው። በውጭና በውስጥ የተደረደሩት ሁለቱ የድንጋይ ረድፎች እርስ በርስ ካልተያያዙ መካከላቸው ውሃ ይገባና ግድግዳው ይነፋል። አባቶች ይህን ያውቁ ነበር። ላሊበላ አጠገብ ያለውን በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ያየ ሰው ግድግዳው አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በነጭ የተለሰነ ድንጋይ ሆኖ እንደተሠራ ያስታውሳል። እንጨቱ ለጌጥ ብቻ የገባ እንዳይመስላችሁ፤ ወገብን እንደሚያስር መቀነት ግድግዳውን ያስረዋል። እናንተም ስትጠግኑ በየክንዱ ቁመት ከውጭ እስከ ውስጥ የሚደርስ ረጅም ድንጋይ አስገቡ። የረገፈውን የድንጋይ መገጣጠሚያ ደግሞ በጭቃ ብቻ ሳይሆን በጠጠር ሽብልቅ አጥብቁት። ሆድ ያወጣውን ግን ራሳችሁ አትንኩ። ግድግዳው ጣራ ተሸክሟል፤ ድጋፍ ሳይቆምለት አንድ ድንጋይ ብትነቅሉ ሊናድ ይችላል።

በዓባይና በበሽሎ ቆላ ላሉት ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ለወባ መከላከያ ግድግዳው ላይ መድኃኒት ይረጫል። መድኃኒቱ የሚሠራው ግድግዳው ላይ ሆኖ ትንኟን ሲነካት ነው። ከተረጨ በኋላ ብትለስኑ መድኃኒቱን ከጭቃ በታች ቀበራችሁት ማለት ነው። ስለዚህ ርጭቱ ከመድረሱ በፊት ለስኑ፣ ከተረጨ በኋላ ወራት ይለፉ። ስንጥቅ መድፈኑ በራሱ የጤና ሥራ ነው፤ ትኋንና ቁንጫ የሚደበቁት እዚያ ነው።

አሁን ወደ ደረጃው ልምጣ። ስለ ግድግዳ ብዙ ተናገርኩ፤ ሰው ላይ ቶሎ አደጋ የሚያደርሰው ግን ደረጃው ነው። አክስቴ ቆጥ ላይ ለሰቀለችው እህል በየቀኑ የምትወጣበት መሰላል ነበራት። ከታች ሁለተኛው መርገጫ ላልቶ በገመድ ታስሮ ነበር። ሁላችንም አየነው፤ ሁላችንም «ነገ» አልን። አንድ ማታ በጨለማ ስትወርድ ገመዱ ተበጠሰ። ዳሌዋ ተሰበረ፤ ከዚያ በኋላ በሕይወት በቆየችባቸው ዓመታት ያለ ምርኩዝ አልተራመደችም። ያን መርገጫ ለመለወጥ አንድ ቁራጭ እንጨትና አራት ምስማር ይበቃ ነበር። ስለ ደረጃ ስናገር ድምፄ ከፍ ቢል በዚህ ምክንያት ነው።

በከተማችን ያሉት የበረንዳ ደረጃዎች በአብዛኛው የባሕር ዛፍ ናቸው። ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው፣ ይገኛል፤ ግን እርጥብ ሆኖ ከተሠራ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ምስማሩንም ያላላል። ስለዚህ ሳንቃውን ቢያንስ ሁለት ሦስት ወር በጥላ ሥር፣ በየመካከሉ ቀጭን እንጨት እየጣላችሁ ከምሩት፣ አየር ይለፍበት። ለመርገጫ ከአራት ሳንቲ ሜትር ባላነሰ ውፍረት ይሁን።

የሚወዛወዝ መርገጫ ሲገጥማችሁ በዚያው ቀዳዳ ሌላ ምስማር አትምቱ። የሰፋ ቀዳዳ ምስማር አይዝም። መርገጫውን ከሥር በመዶሻ እየመታችሁ አንሡት፣ የጎን ሳንቃውን ጤና ፈትሹ። ጤነኛ ከሆነ አራት ጣት ያህል ወፍራም የእንጨት ቁራጭ ከመርገጫው ሥር በጎን ሳንቃው ላይ አጥብቃችሁ ምቱ፤ ከእንግዲህ ክብደቱን የሚሸከመው ይህ ቁራጭ ይሆናል እንጂ ምስማሩ አይደለም። ከዚያ መርገጫውን መልሱ። ምስማሮቹን ቀጥ አድርጋችሁ ሳይሆን አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጋችሁ ምቱ፤ እንዲህ ሲሆን እርስ በርስ ይያዛሉ፣ በቀላሉ አይነቀሉም። የምስማሩ ርዝመት ከሳንቃው ውፍረት ሁለት ተኩል ያህል ይሁን፤ ለአራት ሳንቲ ሜትር ሳንቃ ባለ 10 ሳንቲ ሜትር ምስማር። ደረቅ ባሕር ዛፍ ይሰነጠቃልና መጀመሪያ ከምስማሩ በቀጠነ መሰርሰሪያ ብሱት፤ ከጫፉም ሦስት ጣት ራቁ። ብሎን ወይም ቪቴ ካላችሁ ከምስማር የተሻለ ነው።

የደረጃውን እግር አፈር ላይ አታቁሙት። ስለ ቋሚው የተናገርኩት የመበስበስ ነገር እዚህም ይሠራል። ከመሬት ከፍ ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ጣሉለት፣ እግሩ ድንጋዩ ላይ ይረፍ። የበሰበሰ እግር ካለ ጤነኛው ድረስ በመጋዝ ቁረጡትና ድንጋዩን በዚያው ልክ ከፍ አድርጉት፤ አዲስ እንጨት መቀጠል አያስፈልግም። ለእግርና ለቋሚ ጥድና ወይራ ምስጥም ብስባሴም የማይደፍራቸው ናቸው። ነገር ግን ለዚህ ብሎ ደንቆሮ ወደሚባለው ጫካ መግባት አይገባም፤ ያ ጫካ ብሔራዊ ፓርክ ነው፣ የልጆቻችንም ምንጭ ከዚያ ይወርዳል። አሮጌ ቤት ሲፈርስ የሚወጣውን የጥድ ቋሚ አትፍለጡት፣ አስቀምጡት። ለባሕር ዛፍ ደግሞ ብዙ ሰው የተቃጠለ የመኪና ዘይት ይቀባል። ከቤት ውጭ፣ ከውሃ ጉድጓድና ከጎመን መደብ ርቆ ከሆነ ይረዳል፤ ቤት ውስጥ ግን አትቀቡት፣ ይሸታል፣ እሳትም ይወዳል።

የእርከኖቹ ቁመት እኩል ይሁን። ይህ ለዓይን ውበት የሚባል ነገር አይደለም። ሰው ደረጃ ሲወጣ ሁለቱን ከረገጠ በኋላ እግሩ ልኩን ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ አያይም። አንዱ እርከን በአንድ ሁለት ጣት ከፍ ካለ ያደናቅፈዋል፣ ዝቅ ካለ ይጥለዋል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ ፍራንሷ ብሎንዴል የተባለ ፈረንሳዊ የሥነ ሕንፃ ሊቅ ያወጣው ልክ እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ የእርከኑን ቁመት ሁለት ጊዜ ወስዳችሁ የመርገጫውን ስፋት ጨምሩበት፣ ከ60 እስከ 65 ሳንቲ ሜትር ሊመጣ ይገባል። ቁመቱ 17፣ መርገጫው 29 ከሆነ 63 ይመጣል፤ ለሽማግሌም ለሕፃንም የሚመች ነው። ከሦስት እርከን በላይ ያለው ደረጃ ሁሉ የእጅ መደገፊያ ይኑረው። በክረምት የሚያንሸራትተውን መርገጫ በመጋዝ አግድም ጭረት ጭረት አድርጉበት።

የጎን ሳንቃው ራሱ ርዝመቱን ይዞ ከተሰነጠቀ፣ ወይም ደረጃው ወደ ደርብ የሚያወጣ ረጅም ከሆነ አናጢ ጥሩ። ራስ መሥራት ጥሩ የሚሆነው ልክን አውቆ ሲሆን ነው።

ለአንድ ሰው የሚከብደው ሥራ ደግሞ በጋራ ይቀላል። በማሊ ጄኔ የምትባል ከተማ አለች። ታላቁ መስጊዷ ከአፈር የተሠራ ነው፤ የአሁኑ ሕንፃ በ1899 ዓ.ም. ገደማ የታነጸ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የቆመው አፈሩ የተለየ ስለሆነ አይደለም። የከተማው ሕዝብ በየዓመቱ በአንድ ቀን ወጥቶ፣ ወጣቱ መሰላል ላይ፣ ሕፃኑ ጭቃ ረግጦ፣ ሴቱ ውሃ ቀድቶ፣ እንደገና ስለሚለስነው ነው። እኛም ደቦ አለን፣ ወንፈል አለን። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቅሬ አለን፤ እስላም ክርስቲያን ሳይል ሬሳ የሚያነሣ፣ ድንኳን የሚተክል፣ ሐዘንተኛ የሚያጽናና።

ልለምናችሁ የመጣሁት ይህን ነው። በየቅሬያችሁ ጉልበት የሌላቸው አሮጊቶችና አባቶች፣ ባል የሞተባቸው እናቶች አሉ፤ ግድግዳቸውን የሚለስንላቸው፣ ደረጃቸውን የሚያጠብቅላቸው ሰው የላቸውም። በመጪው የቅሬ ስብሰባ ላይ ስማቸውን ጻፉ። አፈሩን በዚህ ሳምንት አስቆፍሩ፣ ጭዱን ከአውድማ ለምኑ፣ ጭቃው አንድ ሳምንት ይክረም። ከኅዳር ውርጭ በፊት አንድ ቅዳሜ ቅጠሩ። እኔም በዚያ ቀን ዶማዬንና መዶሻዬን ይዤ እመጣለሁ። ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ደግሞ ከደጃፍ ላይ አንድ ጊዜ ቁሙ፣ የታችኛውን እርከን በእግራችሁ ነቅነቅ አድርጉት፣ ግድግዳውንም አንኳኩት።